ረሻድ ያለውና እኔ የጻፍኩት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ይህን ደብተር የሰጠችኝ መምህርት ማህሌት ናት። ሽልማት ነው። የማታውን ትምህርት ሠላሳ አንድ ሰው ጀምሮ አሥራ ሁለት ጨረስን፤ ከአሥራ ሁለቱ አንደኛ የወጣሁት እኔ ቀናው ነኝ። «በሰባት ዓመት ማስተማር እንዳንተ ያለ አላጋጠመኝም» አለችኝ። «እንዳንተ ያለ ወሬኛ» ነበር ያለችው፤ ግን ሁሉ ነገር በቁሙ አይጻፍም።

ዕድሜዬ አርባ ሦስት። ሥራዬ ጎሚስታ፣ አቃቂ በሰቃ። በዚህ መንገድ ጎማ የፈነዳበት ሹፌር ሁሉ ስሜን ያውቃል፤ የማያውቅም አንድ ቀን ይፈነዳበትና ያውቃል። እስከ አምና ድረስ ታክሲ የምሳፈረው ረዳቱ ሲጮህ ሰምቼ ነበር። ዛሬ ታፔላ አነባለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ፣ አጥር ላይ የተጻፈ ስድብ ሳይቀር አነባለሁ። ለካስ ስንት ዓመት ስሰደብ ኖሬአለሁ!

«ያየኸውንና የሰማኸውን ብቻ ጻፍ፤ አታጋንን» አለችኝ መምህርት።

«እኔ መቼ አጋንኜ አውቃለሁ?» ብላት በሳቅ ፈረሰች።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ዛሬ ትልቅ ነገር ሆነ። ሁለት ነገር። አንዱ መጥፎ ነው፣ አንዱ እኔን ይመለከታል።

መጥፎው፦ የእኛ ረድፍ ይፈርሳል። አሥራ አራት ሱቅ ነን፣ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጥግ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ። መንገዱ ሊሰፋ ነው። ከወረዳ የመጣው ሰው በላይነሽ ሻይ ቤት ሰብስቦን፣ ከጀርባ ሼድ እንደሚሠራልን ነገረን። ዘጠኝ ቦታ ነው ያለው። አሥራ አራት ሰው ለዘጠኝ።

«ቅድሚያ ለነባሮቹ ነው» አለ። «ማን ነባር እንደሆነ እኛ ቢሮ ተቀምጠን አናውቅም። ተወያዩና በቃለ ጉባኤ አምጡ።»

ወረቀት ያለው ሰው የለም። ሁላችንም ቦታውን የያዝነው በቃል ነው፤ ያ ሰጠኝ፣ ይሄ አጋራኝ፣ አንዱ ሊቀ መንበር ፈቀደልኝ። ስለዚህ ማን መቼ እንደመጣ የሚታወቀው ሰው ተነሥቶ ሲናገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው፦ ቃለ ጉባኤ ማን ይያዝ? የድሮው ጸሐፊያችን ኮንዶሚኒየም ደርሶት ኮዬ ፈጬ ገብቷል። «እኔ!» አልኩ።

የረድፉ ሊቀ መንበር ጋሽ አምባው ናቸው፣ የድሮ የባቡር ሠራተኛ፣ አሁን ቁልፍ ይቀርጻሉ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንተ ትናንት አይደል ፊደል የቆጠርከው?»

«ጋሼ፣ የእኔ ፊደል ትኩስ ነው። የእናንተ ዝጓል።»

ቤቱ ሳቀ። ረሻድ ብቻ፦ «እሱ የጻፈውን ማን ሊያነበው ነው? ለአንባቢዎቹም የማታ ትምህርት ይከፈትልን!» አለ። ከዚያ ደግሞ የበለጠ ተሳቀ። ረሻድ የጎን ጎረቤቴ ነው፣ ፕላስቲክ ይሸጣል፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ሳፋ። በቀልድ እኔን የሚችል በአቃቂ እሱ ብቻ ነው። ቢሆንም ሁለተኛ ነው።

ጸሐፊ ቀናው። ሲጻፍ እንዴት ያምራል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሥራ በዛ። አንድ አይሱዙ፣ ሁለት ባጃጅ። ሬዲዮ እየሰማሁ ቃል እለቅማለሁ። «በአጽንኦት»። «አስገንዝበዋል»። «በሚመለከታቸው አካላት»። ቃለ ጉባኤ እንዲህ ነው የሚጻፈው። መናገርና መጻፍ ልዩነት አለው፤ ሰው ቤቱ በነጠላ ጫማ ይሄዳል፣ ሰርግ ግን ጫማ አድርጎ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 15

የመጀመሪያው ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ሙሉ። እጄ ደንዝዟል፤ ግን ጭንቅላቴ አልተኛ ስላለኝ ልጻፈው።

መጻፍ ስትጀምር ጆሮህ ይለወጣል። ድሮ ሰው ሲናገር ነገሩን ይዤ ቃሉን እጥለው ነበር። አሁን እጄ ዘገምተኛ ስለሆነ አንዱ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ቆሞ ሲጠብቅ ፊቱን አየዋለሁ።

ጋሽ አምባው ወረቀት አልያዙም፣ አልተዘጋጁም። ሲጀምሩ «እኛ የዚህ ረድፍ ሰዎች» አሉ። አሥራ አራታችንም አለንበት። ሻይ መጥቶ ሁለተኛ ሲቀጥሉ «እኛ እዚህ ያረጀነው» ሆነ። እዚህ ላይ ሦስት አራት ሰው ከ«እኛ» ወጣ። በኋላ ደግሞ «እኛ ባቡሩ ሲሄድ ያየነው» አሉ። ልክ ቀስ ብሎ አየር እንደሚወጣው ጎማ ነው። ድምፅ የለውም፤ ጠዋት ስታየው መሬት ተኝቷል።

ሌላም አለ። አንዱ ሥራ ሁለት ስም ነበረው። እኛ ሰፈርን፤ እነሱ ገቡ። እኛ ሱቅ ሠራን፤ እነሱ ቦታ ያዙ። የእኛ ሰው ወንድሙን ሲያመጣ ዘመዱን ረዳ፤ እነሱ ወንድማቸውን ሲያመጡ ተጠራሩ። ማንም ስድብ አልተናገረም! ስድብ ቢሆን ረሻድም ይመልስ ነበር፣ እኔም በቀይ እስክሪብቶ እጽፈው ነበር። «ገቡ» ለሚል ሰው ግን ምን ብለህ ትመልሳለህ? ገብተሃላ።

«እነሱ» ማን እንደሆኑ አልተባለም። ግን ቃሉ በተነገረ ቁጥር የሁሉም ዓይን ወደ ረሻድና ወደ ሌሎቹ ስልጤዎች ነበር የሚሄደው። የጋሽ አምባው አፍ ብቻውን ያውቃል። ሳያስቡት ነው እንዲህ የሚወጣው፤ ቢያስቡበት አይሳካላቸውም ነበር። ሰውዬው አዋቂ ናቸው፣ አይካድም።

እኔ ላይ ዓይናቸው ሲያርፍ ግን «እኛ» ነው የሚሉት። ልብ ብዬ ነው ያየሁት። ደስ ይላል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ረሻድ ባልዲ እየደረደረ፦ «ጸሐፊው! ባለፈው ስንት ጊዜ ‹እነሱ› ተባልኩ? ቆጥረሃል?»

«አሥራ ሰባት» አልኩት። ቆጥሬ ነበር።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «አንተስ አንዷን እንኳ ‹ማንን ነው?› ብለህ አትጠይቅም?»

«ጸሐፊ አይጠይቅም። ደንብ ነው።»

«የምን ደንብ?»

መኪና መጣ። ክሪክ ይዤ ሄድኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ሁለተኛ ስብሰባ። ፈነዳ።

ጋሽ አምባው ስም ማስያዝ ጀመሩ። ስምንት ሰው አስይዘው «ረሻድ እንኳ…» ብለው ተዉት። «እንኳ» ብቻ። ረሻድ ተነሣ፣ ወንበሩ ወደቀ። በአሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ድምፁ ተሰነጠቀ፣ ዓይኑ ቀላ። በላይነሽ ውኃ ሰጠችው፤ ደፋው።

ወዲያው ስሙ ቀርቶ ስምንቱ ብቻ ተያዙ። ዘጠነኛው «በይደር» ተባለ። ቃለ ጉባኤውን የወረዳው ሰው ነገ ይፈልገዋል።

አሁን በንጹሕ ልገለብጥ ነው። ወረቀት ስቀድ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የመጨረሻው እንዲህ ወጣ፦

«አቶ ረሻድ የተባሉት ግለሰብ በአካባቢው የሚካሄደውን የልማት ሥራ በጽኑ እንደሚቃወሙ፣ በሥራው ላይ በሚሰማሩ አካላትም ላይ እርምጃ ከመውሰድ እንደማይቆጠቡ በአጽንኦት አስገንዝበዋል።»

አስገንዝበዋል! ይህን ቃል በትክክል የጻፈ ጎሚስታ በአገሩ ካለ ይምጣና ልጨብጠው። ደግሞ «አቶ» አልኩት። ማን «አቶ» ብሎት ያውቃል?

ሰኞ፣ ኅዳር 23

በደንባችን ቃለ ጉባኤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብና ሲጸድቅ ነው የሚፈረመው። ዛሬ ግን ወረዳ ስለቸኮለ ጋሽ አምባው «መነበቡ ይቅር፤ ፊርማ ብቻ ልቀም» አሉ። ከበር በር ዞርኩ።

ረሻድ ሳፋ ውስጥ እጁን እየታጠበ ነበር። ከትናንት ጀምሮ አፍሯል። «ትናንት አበዛሁት አይደል?» አለኝ።

«አስተካክዬዋለሁ» አልኩት።

እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ፈረመ። «ትንሽ አታነበውም?» ስለው፦ «አንተ ጽፈኸው እኔ ምን ላነብ?» አለ።

ይኸው። የጸሐፊነት ክብር ማለት ይህ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ረሻድ ከጁምዓ ሲወጣ ወረዳ ተጠራ። ቃል ስጥ ተብሎ። ማታ አንድ ሰዓት ሆኖ ሱቁ ዝግ ነው።

ስለ ሌላ ነገር ነው መሰለኝ። ሰው ነው፣ ስንት ጉዳይ ይኖረዋል።

ጋሽ አምባው ዘጠነኛውን ስም ነገሩኝ። ቀናው። መጨረሻ ነው፤ ግን ከበር ወዲህ መጨረሻ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ረሻድ ወደ ሱቁ ተመልሷል። ዓርብ ሲጠየቅ አምሽቶ «ስትፈለግ ትመጣለህ» ተብሎ ነው የወጣው። ሰላም አልኩት። ባልዲ ያነሣል።

ሻይ ቤት ሁለት የማላውቃቸው ሹፌሮች፦

«ያ ፀረ ልማቱ ሱቁ የቱ ነው?»

«ያ ፕላስቲኩ።»

«እሱ ጋ አልገዛም በቃ፣ ነገር አልፈልግም።»

ቃሉ የእኔ አይደለም። እኔ «ፀረ» የሚል አልጻፍኩም። «እንደሚቃወሙ» ነው ያልኩት። ልዩነት አለው። ትልቅ ልዩነት አለው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3

የረሻድ ሚስት ሐጀራ መጣች። ጎማ እየነቀልኩ ነበር። ቆማ ጠበቀች፤ ቡሎኑን እስክጨርስ። ሆን ብዬ ቀስ አልኩ።

«አንተ ቀናው። ምን ብለህ ነው የጻፍክበት?»

«ያለውን።»

«‹እርምጃ እወስዳለሁ› ብሏል?»

«‹ቆርቆሮዬን የነካ ሰው፣ ዝም ብዬ አላይም› ብሏል። ያው ነው።»

«ያው ነው?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «እዚያ አነበቡለት። ‹እኔ እንዲህ አልተናገርኩም› ቢል፣ ‹ፊርማው የማን ነው?› አሉት። ምን ይበል? ‹ጓደኛዬ ነው የጻፈው፣ አላነበብኩም› ይበል? ብሏልም። ሳቁበት።»

«እኔ እንዲያምር ብዬ ነው ሐጀራ።»

«እንዲያምር! ለማን እንዲያምር?» ዙሪያዬን አየች፤ ኮምፕሬሰሩን፣ የጎማ ክምሩን። «ይህን ብረትህን በጋሪ ጭነህ የመጣህ ቀን በማን በረንዳ ነው ያሳደርከው? እስኪ እሱን ጻፍ፣ ጸሐፊ ከሆንክ።»

ሴት ስትቆጣ ብዙ ትላለች። የዛሬው ገጽ ደግሞ አለቀ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ይዤ መምህርት ማህሌት ዘንድ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር እንድታደንቀኝ ነበር። አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው። አልሳቀችም።

«ጋሽ ቀናው፣ ይህን ነው የተናገረው?»

«በግምት።»

ጠመኔ ሰጠችኝ። «እሱ ያለውን እንዳለ ጻፍልኝ። በራሱ አፍ።»

ጻፍኩ። ረሳሁት ብዬ ነበር፤ አልረሳሁትም፣ አንድም ቃል። እዚህም ልድገመው፦

«በዚህ እጄ ነው ጭቃውን የዛቅሁት! ልጆቼ እዚህ ነው ያደጉት! መንገዱ ይሠራ፣ መንገድ ማን ይጠላል? ግን እኔ ሰው አይደለሁም? ‹እንኳ› ነኝ? ቆርቆሮዬን የሚነካ ሰው መጥቶ ዓይን ዓይኔን ይየኝ፤ እኔ ዝም ብዬ አላይም!»

ሰሌዳው ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆኑ። ጠመኔውን ተቀበለችኝና «መንገዱ ይሠራ» የሚለውን ከሥሩ አሰመረችበት። «ይህ የት ሄደ?»

«ገጹ አልበቃኝም።»

«ለ‹በአጽንኦት› በቅቷል» አለች።

የእጄን ጠመኔ አራገፍኩ። እሷ ግን አልተወችኝም። «የሰው ለቅሶ ወስደህ መግለጫ አደረግኸው። ሰውየው ‹አትናቁኝ› ነው ያለው። አንተ የጻፍከው ሰው ግን ሌላ ሰው ነው፤ እሱን እኔም እፈራዋለሁ። ይህን አማርኛ ከየት አመጣኸው?»

«ከሬዲዮ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚናገረው እኮ።»

«ማን ነው ሁሉም? ረሻድ እንዲህ ይናገራል? አንተ እንዲህ ትናገራለህ?» ቁጭ አለች። «ስብሰባ ላይ ቁምና ተናገር። ቃሉ የእኔ ነው በል። ከዚያ ማን መቼ እንደመጣ ተናገር። ዋናው ነገር እሱ አይደል እንዴ?»

«ስለ ፈተናው ውጤት…» አልኩና ወሬ ለወጥኩ። እኔ ወሬ መለወጥ አይቸግረኝም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

እናገራለሁ። ወስኛለሁ። አልጽፈውም፣ ከልቤ ነው የምናገረው። አፍ እንደሆነ ጋሽ አምባው ብቻ አይደሉም ያላቸው። ቤቱን አስቀዋለሁ፣ ከዚያ አስለቅሰዋለሁ፣ ረሻድም ስሙ ይገባለታል። ማን ያውቃል፣ አሥረኛ ቦታ ይሠራ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ጋሽ አምባው መጡ። መኪና የላቸውም፤ ለጎማ አልመጡም።

«ቀናው፣ ዘጠነኛው ቦታ እኮ ጥግ ነው። መኪና ይገባል። ለአንተ ሥራ የተፈጠረ ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«አሥረኛ የለም» አሉ። «ጠይቄ ነበር። የለም።» ኮምፕሬሰሩን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ምንም አላሉኝም። ስለ ጥግ ነው ያወሩት።

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ሚስት ስላላገባሁ የምቀሰቅሰው ሰውም የለም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ስብሰባው አለቀ። ከመተኛቴ በፊት እንዳለ ልጻፈው። ቃል አልጨምርም፣ አልቀንስም።

ቃለ ጉባኤውን ከማንበቤ በፊት እጄን አወጣሁ። «ማስተካከያ አለኝ» አልኩ። «ረሻድ ‹እርምጃ እወስዳለሁ› አላለም። ቃሉን ያሳመርኩት እኔ ነኝ። ‹መንገዱ ይሠራ› ብሏል፤ እሱን የተውኩትም እኔ ነኝ።»

ጉርምርምታ ሆነ። ጋሽ አምባው ግን ፊታቸው አልተለወጠም። «መልካም። ስህተት የሰው ነው፤ ይስተካከል፣ ለወረዳም ይጻፍ። ሌላ?»

እንዲህ ይቀላል ብዬ አላሰብኩም። ቀለለኝ። ሲቀለኝ ደግሞ ልቤ ሞቀ፣ አፌ ተከፈተ። ቆሜ ያልኩት ይህ ነው፦

«ወገኖቼ፣ ረሻድ ክፉ ሰው አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሠርተው አዳሪ ናቸው። ከእኛ ጋር ተቻችለው ኖረዋል፤ አንድ ቀን ክፉ አላየንባቸውም። እኛ ነባሮቹ ሆደ ሰፊ መሆን አለብን። የአገራችን ሰው እንግዳ አክባሪ ነው፤ እንግዳ አይገፋም። ከተቻለ ለእሱም አንድ ጥግ እንስጠው።»

አጨበጨቡልኝ። እውነቴን ነው፣ አጨበጨቡ። ሁለት ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሽ አምባው «እሰይ፣ ተባረክ፤ ልክ እንዲህ ነው መባባል» አሉ። እኔም ፈገግ እንዳልኩ ወደ ረሻድ ዞርኩ።

ረሻድ ቆሞ ነበር።

«እንግዳ?» አለ። ቀስ ብሎ። ያን ዕለት እንደጮኸው አይደለም። «ቀናው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንተ እዚህ የመጣኸው መቼ ነው? ዓመቱን ብቻ ንገራቸው።»

የበላይነሽ ሻይ ማፍያ ክዳኑ ይንቀጫቀጫል። ጋሽ አምባው ያዩኛል። ሐጀራ በር ላይ ናት። ዓመቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አራት አኃዝ ነው፤ በፊደልም በቁጥርም መጻፍ እችላለሁ።

«እኔማ» አልኩ፣ «ጎማ ሲፈለሰፍ እዚሁ ነበርኩ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ አምባው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። አንዱ ጀርባዬን መታኝ። ሳቁ ሳያልቅ «እንግዲህ ዘጠኙ እንዳለ ይጽደቅ፤ ረሻድ በተጠባባቂ ይያዝ» ተባለ። እጅ ወጣ። የእኔም እጅ ወጥቶ ነበር። ቆጥሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሥር እጅ።

ረሻድ ተቀመጠ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ጉዳዩ ወረዳ ላይ ተዘጋ። ማስተካከያዬን ተቀብለዋል። ከእንግዲህ ረሻድን የሚጠራው የለም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ማንም ሊክደው አይችልም።

ሰው ሁሉ «ጥሩ ተናገርክ» ይለኛል። ስድስት ሰው።

በላይነሽ ሻይ አስቀመጠችልኝ። ስኳሩን ራቅ አድርጋ።

«አንቺስ? አላማረሽም ንግግሬ?»

ጠረጴዛውን እየጠረገች፦ «ጋሽ አምባው ሲገፉት ቆሞ ነበር» አለች። «አንተ ስትለምንለት ነው የተቀመጠው።»

የሴት ፍልስፍና። ሻዩን ጠጣሁት፤ መራራ ነበር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ያልኩትን መልሼ አነበብኩት። ስብሰባ ላይ ስናገረው እንዲህ አልነበረም። ከልቤ ነበር። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«እነዚህ ሰዎች»። «እንስጠው»። ማን ነኝ እኔ ሰጪው? እነዚህን ቃላት ከሬዲዮ አልለቀምኳቸውም። ሳልፈልጋቸው ነው የመጡት፤ እንደ ጋሽ አምባው። አንዱንም አላሰብኩትም።

ኅዳር 15 ላይ ሁሉንም ጽፌዋለሁ። ማን ሲናገር ምን እንደሚል። ጎበዝ ነበርኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ሐጀራ ጻፍ ያለችኝን ልጻፍ።

እኔ የመጣሁት በ1999 ክረምት ነው። ዝናብ ነበር። ኮምፕሬሰሩን በጋሪ አምጥቼ የትም ቦታ አጣሁ። ረሻድ የባልዲ ክምሩን ወደ ውስጥ ገፋና በረንዳውን ለቀቀልኝ። ያኔ እሱ እዚያ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በ1994 ነው የገባው። ረግረግ ነበር፣ ድንጋይ የሞላው እሱ ነው። እኔ የቆምኩበትም ድንጋይ እሱ የሞላው ነው። ዓመት ሙሉ በረንዳው ላይ ሠራሁ። ከዚያ «ወዲህ ትንሽ አስፋ» አለኝና የእኔ ሱቅ ሆነ። በቃል።

አለቀ። ግማሽ ገጽ አልፈጀም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ቁልፍ ሰጡን። ጋሽ አምባው ራሳቸው ቀርጸውታል፣ ዘጠኝ ቁጥር ታትሞበታል።

ቦታው ጥግ ነው። እውነትም መኪና ይገባል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ረሻድ አፍራሾቹን አልጠበቀም። ራሱ ቆርቆሮውን ነቀለ፣ በመዶሻና በእጁ። ኮዬ ፈጬ፣ ወንድሙ ያለበት ኮንዶሚኒየም ሥር፣ መሬት ላይ ዘርግቶ ሊሸጥ ነው። አይሱዙ መጣ። ባልዲ በባልዲ ውስጥ፣ ሳፋ በሳፋ ውስጥ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት… አይደለም፣ የሃያ ሦስት ዓመት ሱቅ ግማሽ መኪና አልሞላም።

ሳግዝ ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም ደግሞ ያዝ አላለኝም። አንድ የጀሪካን እስር አነሣሁ፤ ሐጀራ ከእጄ ተቀበለችኝና ራሷ ጫነችው።

ረሻድ ገመድ ሲያስር ጠጋ አልኩት። ሰው አልነበረም። ለሁለት ሳምንት ሳስበው የነበረውን አወጣሁት።

«ረሻድ። ቀድመኸኝ ነው የመጣኸው። በዘጠና አራት። እኔ በዘጠና ዘጠኝ ነው የመጣሁት። በረንዳህን አንተ ነህ የሰጠኸኝ።»

ገመዱን ሳበና ቋጠረው። ከዚያ አየኝ። የተቆጣ አይመስልም። የደከመ ነው የሚመስለው።

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለ። «እኔ እኮ አውቀዋለሁ።»

ሐጀራን ከፊት አሳፈራትና እሱ ከላይ፣ ከዕቃው ጋር ተቀመጠ። ሞተሩ ተነሣ።

ያኔ ነው ያየሁት። የኋላው ግራ ጎማ አየር ጎድሎታል። ይህ ጉራ አይደለም፤ በዓይኔ ብቻ አውቃለሁ። በዚያ ጭነት ኮዬ ሳይደርስ ይጥላቸዋል። ኮምፕሬሰሩ ሁለት እርምጃ ነው፣ ሥራው ሦስት ደቂቃ ነው። አፌን ከፈትኩ።

ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ።

መኪናው ሄደ።